ቡችላዬ ገመድ አልወድ አለ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን የእንስሳት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቡችላና ማሰሪያ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ሳምንት የሞላው ወንድ ቡችላ ከዘመድ ተሰጠኝ። ለጊዜው ብዬ ግቢ ውስጥ የነበረ የብረት ሰንሰለት አሰርኩለት። መጀመሪያ እሪ ብሎ ጮኸ፣ ከዚያ መሬት ላይ ተለጥፎ አልነሳም አለ። ስጎትተው እያሳለ ወደ ኋላ ይለጠጣል። አሁን ሰንሰለቱ ሲንቃጨል ገና ሲሰማ አልጋ ሥር ይገባል። እልኸኛ ሆኖ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት? (ከሳቢያን)

መልስ፦ እልኸኛ ሆኖ ሳይሆን ፈርቶ ነው። እርስዎም አላበላሹትም፤ ይስተካከላል። ነገር ግን በዚህ ዕድሜ የገባ ፍርሃት ሥር ሊሰድ ስለሚችል ሰንሰለቱን ዛሬውኑ ያውልቁለት፤ ከዓይኑም ከጆሮውም ያርቁት።

ለበዓል የተገዛ በግ በገመድ ሲጎትቱት አራት እግሩን ተክሎ ወደ ኋላ እንደሚለጠጥ አይተዋል። ቡችላዎም ያደረገው ይህንኑ ነው። ስለ ማሰሪያ ምንም የማያውቅ እንስሳ አንገቱን ሲስቡት በተቃራኒው ይስባል፤ እርስዎ በጨመሩ ቁጥር እሱም ይጨምራል። ክብደቱንም ያስቡት። ሦስት ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ የግማሽ ኪሎ ሰንሰለት ማለት 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንገት ላይ 10 ኪሎ እንደ ማንጠልጠል ነው። ሳሉ ደግሞ የአየር ቧንቧው መጨቆኑን የሚናገር ነው። የቡችላ ጉሮሮ ገና ለስላሳ ስለሆነ በተደጋጋሚ ከተሳበ ይጎዳል።

የሚያስፈልግዎ ቀላል ነው። ስፋቱ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ የናይለን የአንገት ቀበቶ፣ ርዝመቱ 1.5 ሜትር የሆነ ቀላል ገመድ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ መንጠቆ። በልኩ የተሠራ ካጡ ቦርሳ የሚሰፋ ሰው ከአሮጌ የቦርሳ ማንገቻ ይሠራልዎታል። አንገቱን በሜትር ለክተው ይውሰዱ፤ የተሰፋው ቀበቶ ሁለት ጣትዎን ጠፍጣፋ አድርገው ሲያስገቡ የሚያስገባ ይሁን። ቀለበቱ የሚያርፍበት ስፌት በአንድ መስመር ብቻ እንዳይሰፋ ይንገሩት፤ አራት ማዕዘን ተሰፍቶ መሀሉ በመስቀለኛ ይደገም፤ መጀመሪያ የሚተረተረው እሱ ነው። ሸምቀቆ ግን በምንም ምክንያት አይሥሩ። እየተሳበ የሚጠብቅ ቋጠሮ ቡችላ አንቆ ይገድላል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ቀበቶውን ብቻ ያላምዱት። ምግቡ ሲቀርብ ያድርጉለት፣ በልቶ ሲጨርስ ያውልቁለት። በኋላ እግሩ አንገቱን ያካል፣ ይንከባለላል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ቀን ይተወዋል። ብቻውን ሲሆን ቀበቶው አንገቱ ላይ አይቆይ፤ ሊያወልቀው ሲታገል የታች መንጋጋው ገብቶ ሊቀረቀር ይችላል።

በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን አንድ ሜትር የሚሆን ቀጭን ገመድ ቀበቶው ላይ ያስሩና ቤት ውስጥ እየጎተተ ይጫወት። ጫፉ ላይ ቋጠሮም ቀለበትም አይኑረው፤ የወንበር እግር ሥር ሲገባ ድንገት ይስበውና እንደገና ይደነግጣል። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ዓይንዎን ግን አያንሱበት።

በአምስተኛው ቀን ጫፉን ያንሱ። አይምሩት፣ ይከተሉት፤ እሱ ወደሚሄድበት እርስዎ ይሂዱ። ገመዱን ይመልከቱ፦ መሀሉ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ የ«ሀ»ን ፊደል ቅርጽ ከያዘ ልክ ነው። ቀጥ ብሎ ከተወጠረ ወይ እርስዎ ዘግይተዋል ወይ እጅዎ ከፍ ብሏል። ቡችላው እንዲያውቅ የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገመዱ ሲረግብ ዓለም ደስ ይላል። የቀረው ትምህርት ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

ይህን ከለመደ በኋላ መጥራት ይጀምሩ። ስሙን ይጥሩና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ያፈግፍጉ። ወደ እርስዎ እንደመጣ፣ በዚያችው ቅጽበት «ጎበዝ!» ይበሉና ጉርሻ ይስጡት። ጉርሻውን የሚሰጡት ግራ እግርዎ አጠገብ፣ በአፍንጫው ቁመት ነው፤ እጅዎን ከፍ ካደረጉ የሚያስተምሩት መዝለል ይሆናል። ከመጣ በኋላ ሦስት ሰከንድ ቆይተው ቢሰጡት ደግሞ የተመሰገነው በመምጣቱ ሳይሆን በዚያች ሰዓት በሚያደርገው ነገር፣ ምናልባትም ጫማዎን በመንከሱ ይመስለዋል። አንዱ ልምምድ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 15 ያህል ጉርሻ ይበቃል።

ጉርሻው የሽምብራ ግማሽ ያህል ይሁን። የተቀቀለ ጉበት ወይም ሳንባ ርካሽም ነው፣ ቡችላም ነፍሱን ይሰጥለታል። ጨው፣ ሽንኩርትና በርበሬ አይንካው። ከሁሉ በላይ ጥሬ ሳንባና ጥሬ ጉበት አይስጡ። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ሳንባ ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከውሻው ወደ ልጆችዎ ይተላለፋል። ቢያንስ 30 ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ፤ ከረጢት ያዩበትን ግን ቢቀቀልም ይቅበሩት እንጂ አይስጡ። ለጉርሻ የወጣውን ያህል ከዕለት ምግቡ ይቀንሱ።

መሀል ላይ ቁጭ ብሎ አልሄድም ቢልስ? አይጎትቱት። ጎንዎን ሰጥተው ቁጢጥ ይበሉ፣ መሬቱን በጣትዎ መታ መታ ያድርጉ፣ ይጠብቁ። ካልመጣ ገመዱን መሬት ይጣሉና ልምምዱን ይዝጉ። ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ሳይደክመው ካዛጋ፣ ጭራውን እግሩ መሀል ከከተተ ቀድመውም ማቆም ነበረብዎት። የሚወደውን ጉበት አፍንጫው ሥር ይዘው እንቢ ካለ፣ ያ ቡችላ የሚማርበት ልብ የለውም፤ ወደ ቤት ይግባ።

ገመዱን የሚነክስ ከሆነ መልሰው አይሳቡት፤ ጨዋታ ያደርገዋል። እጅዎን ያላሉ፣ ገመዱ የሞተ ነገር ይምሰል፤ ሲለቀው ይራመዱ። ከሦስት ወር ተኩል እስከ ስድስት ወር ጥርስ ስለሚቀይር ማኘኩ ይብሳል። ከልምምዱ በፊት የሚያኝከው እርጥብና ቀዝቃዛ ጨርቅ እፊቱ ተቀምጠው ይስጡት፤ ሲጨርስ ይቀበሉት፣ እንዳይውጠው።

ጥያቄ፦ የአንገት ቀበቶ ይሻላል ወይስ ደረት ላይ የሚታሰረው? (ከአዲስ ከተማ)

መልስ፦ ለማላመድ የአንገቱ፣ መንገድ ለመውጣት የደረቱ። ቡችላ ባጃጅ አይቶ ድንገት ሲፈናጠር ኃይሉ ጉሮሮው ላይ ሳይሆን ደረቱ ላይ ቢያርፍ ይሻላል። ሲገዙ ፊት ለፊት የሚመጣው ጥብጣብ ወደ ታች በሁለት የፊት እግሮቹ መሀል የሚወርድ ይሁን፤ ትከሻውን አግድም የሚያስረው እርምጃውን ይገድብበታል። ብብቱ ሥር አንድ ጣት ክፍተት ይተዉ፣ አለበለዚያ ይልጠዋል። ከመውጣትዎ በፊት ፊት ለፊቱ ቆመው ገመዱን ቀስ ብለው ወደ እርስዎ ይሳቡ። ወደ ኋላ እያፈገፈገ ጭንቅላቱ ከሾለከ ገና ሰፊ ነው፤ ደጅ አያውጡት። በየሳምንቱ ይለኩት፣ በዚህ ዕድሜ ልኩ ቶሎ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ እናቴ «ውሻ ካልታሰረ አይከፋም፣ ሌባም አይፈራውም» ብለው ቡችላውን ከጠዋት እስከ ማታ እንዲታሰር ያደርጋሉ። እንዴት ላስረዳቸው? (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ እናትዎ ያዩት እውነት ነው፤ ታስሮ የዋለ ውሻ ይከፋል። ክፋቱ ግን ሰው አይመርጥም። መሸሽ እንደማይችል ያወቀ እንስሳ የቀረው መከላከያ ጥርሱ ነው፤ ኳሷን ልታነሳ የተጠጋችውን የጎረቤት ልጅ ሊነክስ ይችላል። ጥሩ ጠባቂ የሚባለው ቤተሰቡንና የለመደውን እንግዳ ለይቶ ለባዕድ የሚጮኸው ነው፤ ያንን የሚለየው ደግሞ ገና በልጅነቱ ብዙ ሰው ያየ ውሻ ነው። ለእናትዎ ይህን በጨዋታ መሀል ቢያነሱላቸው ይሰሙዎታል ብለን እናምናለን። ቦታ መገደብ የግድ ከሆነ የግቢውን አንድ ጥግ በእንጨት ወይም በሽቦ ያጥሩለት፤ ጥላና ውሃ ይኑረው። ገመዱ የሽርሽር ምልክት ሆኖ ይቆይ። ቀን ሙሉ የታሰረበትን ገመድ ማታ ይዘው «እንሂድ» ቢሉት አይከተልዎትም።

ጥያቄ፦ ሁለት ወር ተኩል ሆኖታል። ገመዱን ግቢ ውስጥ ለምዷል። አሁን ወደ መንገድ ላውጣው? ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ባንሸራሽረው ብዬ አስቤ ነበር። (ከለገሃሬ)

መልስ፦ ገና ነው፤ ሰዓቱም ቦታውም አይሆኑም።

ከክትባቱ እንጀምር። ፓርቮንና ዲስቴምፐርን (ቡችላ የሚገድሉ ሁለት ተላላፊ በሽታዎችን) የሚከላከለው ጥምር ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመርና በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል። ፓርቮ ከታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ወጥቶ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል፤ በጫማዎም ግቢ ሊገባ ይችላል። ሳሙና አይገድለውም፤ የሚገድለው በረኪና ነው፣ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ፣ ከታጠበ ወለል ላይ አሥር ደቂቃ። የደቻቱ አሸዋ ባለቤት የሌላቸው ውሾች የሚውሉበትና ቆሻሻም የሚጣልበት ስለሆነ ክትባቱ ላላለቀ ቡችላ አይመከርም። ካደገ በኋላም ቢሆን በክረምት አይውረዱ። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ እንዳሳየን፣ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ላይ የዘነበው ውሃ ድንገት ይደርሳል።

ይህ ማለት ግን እስከ አራት ወሩ ግቢ ይዘጋበት ማለት አይደለም። እስከ 14 ሳምንት ድረስ ያየውንና የሰማውን ነገር ቡችላ «የዓለም ዕቃ ነው» ብሎ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላ ያገኘውን ይጠራጠራል። ስለዚህ በክንድዎ ወይም በዘንቢል ይዘውት ይውጡ። ደጃፍ ላይ አሥር ደቂቃ ይቀመጡ። ባጃጅ፣ የአህያ ጋሪ፣ ጀሪካን የተሸከመ ሰው፣ አዛን፣ የትምህርት ቤት ልጆች ጫጫታ፤ እያንዳንዱ ሲያልፍ አንድ ጉርሻ። መሬት ሳይረግጥ መንገዱን ይማራል።

ክትባቱ ሲያልቅ ሁለት ሳምንት ይጠብቁና ያውጡት። በድሬ ፀሐይ ትክክለኛው ሰዓት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ፈጽሞ አይሞከርም። ማታ ሊያወጡት ካሰቡ ፀሐይ መግባቷን አይተው አይመኑ፤ አስፋልትም ኮብልስቶንም ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ይዞ ያመሻል። የእጅዎን ጀርባ መሬቱ ላይ ሰባት ሰከንድ ያስቀምጡ፤ እርስዎ ካልቻሉ የእሱ መዳፍም አይችልም። ልምምዱ ከአሥር ደቂቃ አይለፍ፣ ውሃ ይያዙ። ማለክለኩ ከበረታ፣ ለሐጩ ከወፈረ፣ ድዱ ደም ከመሰለ ወይም ከተንገዳገደ ሙቀት መትቶታል። ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገብተው የቧንቧ ውሃ መላ ሰውነቱ ላይ ያፍስሱ፣ ያራግቡለት፤ ውሃ በግድ አያጠጡት። ማቀዝቀዙን ሳያቋርጡ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ 12 ዓመቴ ነው። የውሻዬ ስም ቦቢ ነው፣ አምስት ወሩ ነው። ፍየል ወይም ድመት ሲያይ በጣም ይጎትተኛል፣ አንዴ ጥሎኛል። አጎቴ በጫማ ምታው ይለኛል። እኔ ግን መምታት አልፈልግም። (ከከዚራ)

መልስ፦ ባለመፈለግህ ትክክል ነህ። አጎትህ ቦቢ እንዲታዘዝልህ፣ አንተም እንዳትወድቅ ብለው ነው፤ ግን ሲመታ የሚይዘው ትምህርት ሌላ ነው። ፍየል ባየ ቁጥር ካመመው «ፍየል ክፉ ነገር ታመጣለች» ብሎ ያስባል፤ ከዚያ በኋላ መጎተቱ ቀርቶ መንከስ ይጀምራል።

አስቀድመህ አያያዝህን እናስተካክል። የገመዱን እጀታ አውራ ጣትህ ላይ አግባና ጨብጠው። ጣቶችህ ወይም አንጓህ ላይ አትጠምጥመው፤ ድንገት ቢስብ ቆዳህን ይልጣል፣ ጣትህንም ሊሰብር ይችላል። ስትሄድ ገመዱ ከተወጠረ እንደ ምሰሶ ቁም። አትሳበው፣ አትቆጣው፣ ዝም ብለህ ቁም። ዞር ብሎ ሲያይህና ገመዱ ሲረግብ «ጎበዝ!» በለውና ሂድ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሃያ እርምጃ ለመሄድ አሥር ጊዜ መቆም ሊኖርብህ ይችላል። ቤተሰቡ ሁሉ እንዲሁ ማድረግ አለበት፤ አንተ እየቆምክ ወንድምህ እየተጎተተ የሚሄድ ከሆነ ቦቢ «አንዳንዴ መሳብ ያዋጣል» ብሎ ይበረታበታል።

ለፍየሎቹ ደግሞ ርቀት ፈልግ። ቦቢ ፍየሏን እያየ ጉርሻ መብላት የሚችልበት ቦታ የቱ ነው? ሠላሳ እርምጃ ይሆናል፣ አርባም ይሆናል። እዚያ ቁም። ፍየሏን ሲያይ «ጎበዝ!» በለው፣ ወደ አንተ ሲዞር ጉርሻ ስጠው። እንዲህ አምስት ጊዜ ካደረግህ ተመለስ። ነገ ሁለት እርምጃ ቅረብ። መጎተት ከጀመረ ቸኩለሃል ማለት ነው፣ ወደ ትናንቱ ቦታ ተመለስ።

ባለቤት የሌለው ውሻ ቢመጣ አትሩጥ። ቆመህ፣ ቦቢን ከኋላህ አድርገህ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በል፤ ሳትወረውር አብዛኞቹ ይሸሻሉ። ማንም ውሻ፣ ቦቢም ቢሆን፣ ጥርሱ ቆዳህን ከነካ ወይም ከቧጨረህ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠበው፣ ለቤተሰብህ ወዲያው ተናገር፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም፤ አስቀድሞ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። ይህን እንዳትደብቅ። ደግሞም ቦቢ እስኪለምድ ድረስ ትልቅ ሰው አብሮህ ይውጣ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጀጎል ውስጥ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ጎረቤቶቻችን ቡችላዋ እንድትነካቸው አይፈልጉም፣ ሲመሽ ደግሞ ጅብ አለ። በእንዲህ ያለ ቦታ በገመድ ማላመድ ይቻላል? (ከሐረር)

መልስ፦ ይቻላል፤ እንዲያውም ጠባብ መንገድ ጥሩ አስተማሪ ነው፣ ወደ ጎን የምትጎትትበት ቦታ የላትም። ገመዱን ግን ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ያሳጥሩት፤ ሁለት ሜትር ገመድ በመታጠፊያው ከእርስዎ ቀድማ እንድትደርስ ያደርጋታል፣ ከወዲያ የሚመጣውን አያዩትም።

የጎረቤቶችዎን ነገር በአክብሮት ይያዙት። የውሻ ምራቅ የነካው ሙስሊም ጎረቤትዎ ልብሱን ወይም ገላውን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ማጠብ ይጠበቅበት ይሆናል፤ ወደ ሶላት እየሄደ ከሆነ ብዙ ነው ያስቸገሩት። ሰው ሲመጣ ቡችላዋን በግድግዳው በኩል፣ ራስዎን በመሀል ያድርጉ። «ወደ ግድግዳ» የሚል ቃል ያስተምሯት። ባዶ መንገድ ላይ ጉርሻውን ግድግዳው ሥር መሬት ላይ ያስቀምጡ፣ ቃሉን ይበሉ፣ ስትበላ ቆመው ይጠብቁ። በቀን አሥር ጊዜ ለአንድ ሳምንት። ከዚያ ሰው ወይም አህያ ሲመጣ ቃሉን ገና ከሩቅ ይበሉ፤ ሰውየው እስኪያልፍ ትንንሽ ጉርሻ እያከታተሉ ጭንቅላቷን ወደ ታች ያቆዩት። በሶላት ሰዓት መስጊድ አጠገብ ባያልፉ ይመረጣል። ዓይነ ምድሯንም በፌስታል አንስተው ይሂዱ።

ስለ ጅቡ፣ ዋራባ (የሐረር ሰው ጅብን የሚጠራበት ስም ነው) ሰውን ለምዷል ብለው ቡችላዋንም ይተዋታል ብለው አያስቡ። ለጅብ ውሻ ምግብ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት በር ዘግተው መግባት አለብዎት፤ ቀኑ ካጠረ ከዚያም ቀደም ብለው። ሽታ ይዛ ድንገት ከቆመች፣ ጸጉሯ ከጀርባዋ ከተነሳ፣ «ነይ» እያሉ አይጎትቷት፤ ትንሽ ስለሆነች አንስተው በመጡበት ይመለሱ። ሌሊት ደጅ ታስራ እንዳታድር። ያልታሰረ ውሻ ጅብ ሲመጣ ሮጦ ይገባል፤ የታሰረ መሄጃ የለውም። ማደሪያዋ በር የሚዘጋበት ክፍል ይሁን፤ የምሽቱ የመጨረሻ ልምምድም ከመንገድ ወደ ግቢ መግባት ነው። በሩ ላይ ገመዱ እስኪረግብ ይቁሙ፣ ይክፈቱ፣ አብራችሁ ግቡ፣ ጉርሻውን ውስጥ ይስጧት።